መደርደሪያ ላይ የቀሩ ቴፖች

ሸክላ ሳዳምጥ ሽፋኑን በእጄ ካልያዝኩ የሰማሁ አይመስለኝም። ጀርባውን ገልብጬ ከላይ እስከ ታች አነባለሁ፦ ሳክስፎኑን ማን ነፋ፣ ከበሮውን ማን መታ፣ የት ተቀረጸ፣ በስንት ቀን። አንዲት መስመር ግን ለብዙ ዓመታት ዘልያት አልፍ ነበር። ከግርጌ፣ ከቀረጻ ባለሙያው ስም አጠገብ፣ በደቃቅ ፊደል የምትቀመጥ ናት፦ ፕሮዲዩሰር አልፍሬድ ላየን። አንድ ቀን ከመደርደሪያዬ ላይ በጣም የምወዳቸውን አሥር የጃዝ ሸክላዎች አውጥቼ ስደረድር በሰባቱ ጀርባ ላይ ይህንኑ ስም አገኘሁት። የሰባት ሰዎች ሙዚቃ እወዳለሁ እያልኩ የአንድ ሰው ጆሮ ስወድ ኖሬያለሁ።

ፕሮዲዩሰር ምን እንደሚሠራ በቅጡ አላውቅም ነበር። ቃሉንም አንዴ አሳታሚ፣ አንዴ አዘጋጅ ስንለው ቆይተን በመጨረሻ እንዳለ ወሰድነው። አሳታሚ ሲባል ገንዘብ አውጥቶ ትርፉን የሚጠብቅ ነጋዴ ይታየናል፤ አዘጋጅ ሲባል ደግሞ ወንበርና ማይክሮፎን የሚያሰናዳ ሰው። ላየን ሁለቱንም ነበር። መሣሪያ የማይጫወት፣ ዜማ የማይደርስ ሰው እንዴት በዚያ ሁሉ ሙዚቃ ላይ የራሱን ጠባይ ሊያሳርፍ እንደቻለ ግን ሁለቱም ቃላት አይነግሩንም። ነገሩ እኔን በሌላም በኩል ይነካኛል። እንጀራዬ አርታኢነት ነው። ይህ ይውጣ፣ ይህ ይቆይ ስል ነው ዕድሜዬ የሄደው።

ላየን በ1908 በርሊን ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ የሸክላ ጀርባ ላይ ያነበብኩትን ቀን ወደኛው መቀየር እጄን አልታዘዝ አለኝ።) በ1925፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ የሳም ዉዲንግ የጥቁር አሜሪካውያን ኦርኬስትራ በርሊን መጥቶ ሲጫወት ሰማ። የሰማው ነገር ምን እንደሚባል እንኳ በደንብ አያውቅም፤ ምቱ ግን ሰውነቱ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ኋላም ኒውዮርክ ሄዶ ወደብ ላይ የጉልበት ሥራ ሲሠራ መጤ በሚጠላ ሰው ተደብድቦ ሆስፒታል ገባ፤ ሲድን ሸክላዎቹን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ግን አገሩ ለእሱ አገር አልሆነችም። በ1930ዎቹ መገባደጃ እንደገና ኒውዮርክ ገባና በዚያው ቀረ።

ዲሴምበር 23 ቀን 1938 ምሽት በካርኔጊ አዳራሽ ጆን ሃመንድ ያሰናዳው ትልቅ ኮንሰርት ነበር። ከመድረኩ ሰዎች መካከል አልበርት አሞንስና ሚድ ለክስ ሉዊስ የተባሉ ሁለት ፒያኒስቶች ቡጊ ዉጊ ተጫወቱ፤ ግራ እጅ እንደ ባቡር መንኮራኩር ሳያቋርጥ ይዞራል፣ ቀኝ እጅ በላዩ ላይ እንዳሻው ይናገራል። ከወንበሩ ላይ ሆኖ የሰማው ላየን በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1939፣ ስቱዲዮ ተከራይቶ ሁለቱን ሰዎች ፒያኖ ፊት አስቀመጣቸው። ያን ጊዜ ኩባንያ አልነበረውም፤ የሰማው ነገር እንዳያመልጠው ነው የሮጠው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሸክላዎች ሃምሳ ሃምሳ ያህል ቅጂ ብቻ ታተሙ። ማክስ ማርጉሊስ የተባለ ጸሐፊ ገንዘብ ጨመረበትና ነገሩ ስም አገኘ፦ ብሉ ኖት።

ገና ከጅምሩ የሰውየውን ጠባይ የምታሳይ አንዲት ውሳኔ አለች። የዚያ ዘመን የዘፈንና የዳንስ ሸክላ ባለ10 ኢንች ነበር፤ በአንድ ገጹ ከሦስት ደቂቃ ብዙም አይዝም። ባለ12 ኢንቹ በአብዛኛው ለክላሲካል ሙዚቃ የተተወ፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ላየን ግን ዝግ ያለ ብሉዝ በሦስት ደቂቃ ተጀምሮ አያልቅም ብሎ ባለ12ቱን መረጠ። የተረፈው አንዲት ደቂቃ ወይም ትንሽ ፈቀቅ ያለ ጊዜ ነው። አንድ ፒያኒስት ግን በዚያች ደቂቃ ውስጥ የጀመረውን ሐሳብ ትቶ፣ ሌላ ጀምሮ፣ ወደ መጀመሪያው ሊመለስ ይችላል። ቀረጻዎቹንም ሙዚቀኞቹ ከምሽት ክበብ ሥራቸው ሲወጡ፣ ሊነጋ ሲል ያደርጋቸው ነበር፤ ጣታቸው እንደተፍታታ፣ ገና ሳይቀዘቅዙ። በዚያው በ1939 ሲድኒ ቤሼ ሰመርታይም የተባለውን ዜማ በሶፕራኖ ሳክስፎን ተጫወተለት፤ ሸክላው ተሸጠና ኩባንያው በእግሩ ቆመ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ጦርነቱ በፈነዳ ሰሞን፣ የበርሊን የልጅነት ጓደኛው ፍራንሲስ ዎልፍ ከጀርመን አምልጦ ደረሰ። ፎቶ አንሺ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል ሁለቱ ሰዎች አንድ ጠባብ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ሸክላ ሲያሽጉ፣ ማታ ማታ ክበብ ለክበብ ሲዞሩ ኖሩ። የጀርመንኛ ቅላጼያቸው ከአንደበታቸው አልጠፋም። ላየን ስዊንግ (ሰውነትን የሚያወዛውዘው የጃዝ ምት) ማለት አልሆንለት ብሎ ሽዊንግ ይል ነበር፤ ጨዋታው ካልጣመው «ሽዊንግ ማድረግ አለበት!» ይላል፣ ሙዚቀኞቹም እየሳቁ እንደገና ይጀምራሉ። ስቀው ይጀምሩ እንጂ ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠፋቸውም።

ስለ ላየን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የፒያኒስቱ የቴሎኒየስ ሞንክ ነገር ነው። ሳክስፎን ተጫዋቹ አይክ ኩቤክ ለላየን እንደ ዓይንና ጆሮ ነበር፤ አዲሱ ሙዚቃ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይነግረዋል፣ ሰው ያስተዋውቀዋል። በ1947 ወደ ሞንክ የመራው እሱ ነው። ሞንክ ሠላሳ ዓመቱን ገና መሙላቱ ነበር፤ በስሙ የወጣ አንድም ሸክላ አልነበረውም። ላየን በአምስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ሦስት ጊዜ ስቱዲዮ አስገባው። ሸክላዎቹ አልተሸጡም። የላየን የዚያን ጊዜዋ ባለቤት ሎሬይን ሸክላዎቹን ተሸክማ ሃርለም ውስጥ ካሉ ሱቆች ስትዞር፣ ባለሱቆቹ ይህ ሰውዬ ሁለቱም እጁ ግራ ነው እያሉ ይመልሷት እንደነበር ተናግራለች። ላየን ሞንክን መቅረጹን እስከ 1952 ቀጠለ።

እኔ እዚህ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ለአንድ ዓመት መታገሥ ቀላል ነው፤ ሰው በራሱ ግምት ይኮራል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ ሳጥኑ ሳይከፈት ሲመለስ፣ የማተሚያ ቤቱ ሒሳብ ሲመጣ፣ ተሳስቼ ይሆን ማለት አይቀርም። ብዙዎቻችን እዚያ ላይ ጥሩ ምክንያት አግኝተን እንተዋለን። ላየን ያልተወው ሀብታም ስለነበረ አይደለም።

ድምፁን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ክፍል ለእኔ ከሁሉም ይጥመኛል። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ላየን የሳክስፎን ተጫዋቹን የጊል ሜሌን ቴፕ ይሰማና ድምፁ ይማርከዋል። የራሱን የቀረጻ ባለሙያ፣ እስቲ እንዲህ ያለ ድምፅ አውጣልኝ ይለዋል። ባለሙያው ሰምቶ፣ እኔ ይህን ማድረግ አልችልም፣ ይህን የሠራውን ሰው ፈልገው አለው። ያንን ባለሙያ እወደዋለሁ፤ ስንቶቻችን በሙያችን እንዲህ እንላለን? የሠራው ሰው ሩዲ ቫን ጌልደር ይባላል፤ ኒው ጀርሲ፣ ሃከንሳክ ውስጥ፣ ቀን ቀን የሰው ዓይን እየመረመረ መነጽር የሚያዝ ሰው ነበር። ስቱዲዮው የወላጆቹ ሳሎን ነው። የዎልፍን ፎቶዎች ልብ ብላችሁ ብታዩ ከሙዚቀኞቹ ጀርባ የመኖሪያ ቤት መስኮትና መጋረጃው ይታያል። የሃምሳዎቹ ታላላቅ የጃዝ ቀረጻዎች ብዙዎቹ የተሠሩት እዚያ ሳሎን ውስጥ ነው።

ቀረጻው ደግሞ እንደ ዛሬው አይደለም። ሙዚቀኞቹ ባንድ ክፍል አብረው ይጫወታሉ፣ ቫን ጌልደር የእያንዳንዱን ማይክሮፎን መጠን እዚያው እያመዛዘነ በቀጥታ ቴፕ ላይ ያወርደዋል። ትራምፔቱ ከበሮውን ከዋጠው ዋጠው ነው፤ በማግሥቱ ተቀምጦ ማስተካከል የለም። ስለዚህ ዋናው ሥራ ቀይ መብራቱ ከመብራቱ በፊት ያልቃል። ላየን ከቀረጻው በፊት ለሙዚቀኞቹ የልምምድ ቀን ይሰጣቸዋል፣ ለልምምዱም ይከፍላቸዋል። ይህ በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነገር ነበር። የተፎካካሪው የፕሬስቲጅ ፕሮዲዩሰር የነበረው ቦብ ፖርተር የሁለቱን ኩባንያዎች ልዩነት ሲናገር የሁለት ቀን ልምምድ ነው ብሏል። አዲስ ዜማ ይዞ የመጣ ደራሲ በዚያች ሁለት ቀን ውስጥ ዜማው ሌሎቹ እጅ ላይ እስኪለሰልስ ጊዜ አለው። በሌላ ቤት ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ብሉዝ ይጫወትና ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። የብሉ ኖት ሸክላዎች በአዳዲስ ድርሰት የተሞሉት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ላየን መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ምን ያደርግ ነበር? ይሰማል፤ ሲጥመው ይወዛወዛል። ዎልፍም ካሜራውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይጨፍራል። የአጨፋፈራቸው ነገር እንኳ አይነሣ፤ ምቱን አያገኙትም ነበር ይላሉ ሙዚቀኞቹ። ግን ሁለቱ ጀርመኖች መንቀሳቀስ ሲጀምሩ የሚፈለገው ቅጂ እንደተገኘ ያውቁ ነበር። መስታወቱን እያሰብኩት እስቃለሁ፦ ወዲህ የዘመኑ ታላላቅ ሙዚቀኞች፣ ወዲያ ሸሚዛቸውን የጠቀለሉ ሁለት ጎልማሶች ከምቱ ውጭ እየተወዛወዙ።

ስለ ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ኮልትሬን የሚነገር ጨዋታ አለ። ኮልትሬን አንድ ቀን የቤሼን ሸክላዎች ፍለጋ ብሉ ኖት ቢሮ ብቅ ይላል። ወሬ ያነሳሉ፣ ላየን አንድ ሸክላ ብንሠራስ ይለዋል፣ ይስማማሉ፣ ጥቂት ቀብድም ይቀበላል። ልክ ውሉ ሊፈረም ሲል የቢሮው ድመት በመስኮት ዘላ መንገድ ላይ ትወርዳለች። ላየን ሲሮጥ ወርዶ አንዲት ሴት ድመቷን ታክሲ ውስጥ ልታስገባት ስትል ይደርስባታል። ድመቷን ታቅፎ ሲመለስ ኮልትሬን ሄዷል፣ ውሉ ሳይፈረም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ ኮልትሬን ከሌላ ኩባንያ ጋር ውል ገባ፤ ለላየን የሰጠውን ቃል ግን አልረሳም፤ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1957 ሃከንሳክ መጥቶ ብሉ ትሬን የተባለውን ሸክላ ቀረጸለት። የድመቷን ነገር ማን አጋንኖት እንደሆነ እንጃ፤ በቃል የታሰረው ነገር ግን በቴፕ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ባለ12 ኢንቹ ረጅም ሸክላ፣ ከ1939ኙ የተለየው፣ በአንድ ገጹ ብዙ ዜማ የሚይዘው፣ ገበያውን ሲይዝ ኩባንያው ሥራውን ሁሉ እንደ አዲስ ማሰናዳት ነበረበት፤ ያን ክፉ ቀን ያሻገረው በ1956 ሃርለም ውስጥ የተገኘው የኦርጋን ተጫዋች ጂሚ ስሚዝ ነው። ሽፋኖቹን ሪድ ማይልስ ይነድፍ ጀመር፤ ዛሬ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉትን እነዚያን ሽፋኖች የሠራው ሰው ጃዝ አይወድም፣ የሚሰጡትን ሸክላ በክላሲካል ይለውጠው ነበር።

ኩባንያውን የጣለው ውድቀት አይደለም፤ የተሸጠ ሸክላ ነው። በ1963 መጨረሻ ትራምፔት ተጫዋቹ ሊ ሞርጋን ሳይድዋይንደር የተባለውን ሸክላ ቀረጸ። ላየን እንደ ልማዱ ጥቂት ሺህ ቅጂ አሳተመ። ሸክላው እንደ እሳት ተያያዘ፤ አንድ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያው ላይ ሳይቀር አሰማው። ጥሩ ዜና ይመስላል። አከፋፋዮች ግን ሸክላውን ወስደው፣ ሸጠው፣ ገንዘቡን ሲመቻቸው የሚከፍሉ ናቸው፤ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ የሚፈልገው አሁን ነው። ያለፈውን ዕዳቸውን እንዲከፍሉ ከተፈለገ ሌላ እንደዚሁ የሚሸጥ ይጠይቃሉ። ከዚያ ወዲህ በወጡት የብሉ ኖት ሸክላዎች ላይ የመጀመሪያው ዜማ ብዙ ጊዜ ሳይድዋይንደርን የሚመስል ሆነ። አንዳንዶቹን እወዳቸዋለሁ፤ ግን ሲደጋገም ይሰማኛል፣ ያ ባለ12 ኢንች የመረጠው ሰው እዚያ ላይ የለም። በስድሳዎቹ አጋማሽ ኩባንያውን ሊበርቲ ለተባለ ሌላ የሸክላ ኩባንያ ሸጠ፣ በ1967 ሥራውን ተወ፣ ለብዙዎቹ ሙዚቀኞች እንኳ አድራሻው ጠፋ። ዎልፍ እስከ ሞተበት እስከ 1971 ድረስ በቦታው ቆየ።

አሁን ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝን ነገር ላንሳ።

ላየን ከሚያወጣው በላይ ይቀርጽ ነበር። አንድ ቀረጻ ካለቀ በኋላ ደጋግሞ ይሰማዋል፣ አንድ ነገር ከጎደለበት ያቆየዋል፤ ሌላ የተሻለ ቀረጻ ከመጣ የቀደመው ወደ ኋላ ይገፋል። ይህ ጥንቃቄው ነው ብሉ ኖትን ብሉ ኖት ያደረገው፤ ዓይኔን ጨፍኜ አንዱን ባነሳ የሚያሳፍር ሸክላ የማይገጥመኝም ለዚህ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ማይክል ኩስኩና የተባለ ወጣት ፕሮዲዩሰር የብሉ ኖትን መጋዘን እንዲያይ ሲፈቀድለት ግን የቆዩት ቴፖች መደርደሪያ ሞልተው አገኛቸው። የጊታሪስቱ የግራንት ግሪን፣ የሳክስፎን ተጫዋቹ የሃንክ ሞብሊ፣ የሊ ሞርጋን ሳይቀር። ወጡ፣ ተሰሙ፤ ሰው ሁሉ ይህ እንዴት ተቀመጠ አለ።

ከእነዚያ ቴፖች መካከል የቲና ብሩክስ ይገኝበታል። ስሙ የሴት ቢመስልም ወንድ ነው፤ የልጅነት ቅጽል ስሙ ነው አብሮት የቀረው። ቴነር ሳክስፎን ይጫወታል፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ከጨረሰ በኋላ እንኳ የሚቀጥል የሚመስል። ጁን 19 ቀን 1960 ትራምፔት ተጫዋቹ ፍሬዲ ሃባርድ የመጀመሪያ ሸክላውን ሲቀርጽ ብሩክስ አብሮት ነበር፤ የሸክላው መጠሪያ የሆነውን ዜማ የደረሰውም ብሩክስ ነው። ከስድስት ቀን በኋላ ተራው የብሩክስ ሆነ፤ ሃባርድ አብሮት ተጫወተ፤ ትሩ ብሉ የተባለው ሸክላ ተሠራ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ወጣቶች፣ ያው ስቱዲዮ፣ ያው ፕሮዲዩሰር። ሃባርድ የዓለም ስም ሆነ። ብሩክስ ከ1958 እስከ 1961 በራሱ ስም አራት ሸክላ የሚሆን ቀርጾ በሕይወት ሳለ የወጣለት ያ አንዱ ብቻ ነው። ሌላው ቁጥር ተሰጥቶት፣ ሽፋኑ ተነድፎ፣ ይወጣል ከተባለ በኋላ ሳይወጣ ቀረ። ከ1961 በኋላ አልቀረጸም። በ1974 ሲሞት 42 ዓመቱ ነበር።

ላየንን ክፉ ሰው ለማድረግ አልችልም፤ ሞንክን ለአምስት ዓመት የተሸከመው ያው ሰው ነው። ለዚህም ነው ነገሩ የሚከብደኝ። ያቺ ጥንቃቄ የሞንክን ሸክላ እንዳወጣች ሁሉ የብሩክስን አስቀምጣለች፤ አንዷን ወድጄ ሌላዋን ልረግም አልችልም። የቀሩትን የብሩክስ ቴፖች ዛሬ ደጋግሜ ሳዳምጥ ምን እንደጎደለባቸው ለማግኘት እጥራለሁ። በአንዱ ላይ የመግቢያው ዜማ ትንሽ ይንገዳገዳል። እሱ ይሆን?

ላየን ራሱ በመጨረሻ ተገኝቷል። በ1985 ብሉ ኖት እንደገና ሲከፈት በኒውዮርኩ ታውን ሆል በተደረገው ኮንሰርት ላይ ነበር፤ በማግሥቱም ዓመት ጃፓን ድረስ ሄዶ በፉጂ ተራራ ሥር በተደረገው ፌስቲቫል የጃፓን ወጣቶች እንደ ንጉሥ ተቀበሉት። በ1987 መጀመሪያ ላይ ሞተ። ብሩክስ ከሞተ ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ከዓመታት በፊት እሠራበት ለነበረ መጽሔት አንድ ወጣት አጭር ልብ ወለድ ይዞልኝ መጣ። ጥሩ ነበር፤ ጥሩ መሆኑን አውቄ ነው ያቆየሁት። መሐሉ ላይ አንድ ገጽ ተኩል ያህል ይላላል፤ እሱ ቢጠብቅ፣ አልኩት፣ ለሚቀጥለው እትም እናደርሰዋለን። አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። የሚቀጥለው እትም ላይ የታወቀ ደራሲ ጽሑፍ መጣ፤ ከዚያ በሚቀጥለው ገጽ ጠበበን፤ ከዚያ በኋላ መጽሔቱ ራሱ ቆመ። አንዴ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ሰላም ብሎኝ አልፏል፤ ስለ ጽሑፉ አንድም ቃል አላነሣም። ቢያነሣ ይሻለኝ ነበር።

ጽሑፉ አሁንም እኔ ዘንድ ነው፤ በቡናማ ፖስታ ውስጥ፣ ከሸክላዎቹ ሥር ባለው መሳቢያ። ባለፈው ሳምንት ብሩክስን ከፍቼ ጽሑፉን አወጣሁትና እንደገና አነበብኩት። ያ ገጽ ተኩል አሁንም ይላላል። ሳነበው ግን አላቋረጥኩም፤ ሸክላው አልቆ መርፌው ባዶውን ሲፍቅ ነው ብድግ ያልኩት። ፖስታው ጀርባ ላይ በራሱ እጅ የጻፈልኝ ስልክ ቁጥር አለ። ባለስድስት አሃዝ ነው።